የሸሸው ዓሣ ወንድሞች

ፕራኖም ዓሣ መጨነቁን ከባለቤቱ ቀድማ ታውቅ ነበር። ይህን የምለው ስለምወዳት አይደለም፤ መንደሩ ሁሉ የሚለው ነው። እወዳታለሁ ግን፤ እሱንም ልናገረው፣ ኋላ ሳምሊ አዳላች እንዳትሉኝ። ቤቴ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ከቦዩ ማዶ ነው። ጠዋት ጠዋት የሩዝ ኑድል በሾርባ እሸጣለሁ። ከድስቴ ጀርባ ቆሜ ግቢያቸውን ላለማየት ብፈልግ ዓይኔን መጨፈን ይኖርብኛል፤ እኔ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ሾርባ ማማሰል አልችልም።

የጋሽ ቱዋን ምራት ነበረች። ባሏ ዊራት የጋሽ ቱዋን አንድ ወንድ ልጅ ነበር፤ ሸንኮራ የጫነ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ወንድሞቿ ደግሞ ገና ሰርጓ ሳይረሳ የአባታቸውን ቤት ተካፍለውት ነበርና የምትመለስበት አልነበራትም። እናም በአማቷ ቤት ቀረች፤ እያበሰለች፣ እያጠበች፣ የሽማግሌውን ጀርባ እያሸች። ከጓዳው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረቻት። ያቺን ክፍል ደግሞ የጋሽ ቱዋን ሴት ልጅ ራምፓይ ልጇን ልትድርባት ዓይኗን ከጣለችባት ቆይታለች። ራምፓይ መንገድ ዳር ሱቅ አላት፤ ሱቋ ውስጥ የማይሸጥ ነገር ቢኖር ርኅራኄ ነው።

ጋሽ ቱዋን የተዋጊ ዓሣ አርቢ ነው፤ አባቱም አርቢ ነበር። ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ጠርሙስ ነው፤ በየጠርሙሱ አንዳንድ ወንድ ዓሣ፣ በጠርሙስና በጠርሙስ መሀል ደግሞ እንዳይተያዩ የሚጋርዳቸው ቁራጭ ካርቶን። ከተያዩ ይፎካከራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ከተፎካከሩ ለፍልሚያው ቀን ጉልበት አይተርፋቸውም። ሽማግሌው ለእንግዳ ውሃ ከመስጠቱ በፊት ዓሣ ያሳያል። ከልጁ ሞት በኋላ ሲያለቅስ ያየው የለም፤ አንድ ዓሣው የሞተ ጊዜ ግን ራት አልበላም። ይህን ስል እያማሁት አይደለም። ራሱ ነው እየኮራ የሚያወራው።

አንድ ደንብ አለን። እዚህ ቦዩ ዳር ዓሣ የሚያረባ ሁሉ ይጠብቀዋል። በፍልሚያ መሀል ጀርባውን ያዞረ ዓሣ ብቻውን አይጣልም፤ ከአንድ ጎጆ የተፈለፈሉት ወንድሞቹ ሁሉ አብረውት ይደፋሉ። ፍርሃት በደም ነው የሚመጣው ይባላላ። አባትየውም ከዚያ ወዲያ ሚስት አያገኝም። የሚደፋቸው ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ባለቤቱ ነው፤ በገዛ እጁ፣ ሰው እያየ። "ደም አይዋሽም" ይላል ጋሽ ቱዋን፤ ይህን ሲል ደረቱን ይነፋል።

ፕራኖም የዓሣን ነገር ማንም ሳያስተምራት ነው የለመደችው። ባሏ ከሞተ በኋላ ከጓዳው ጀርባ፣ የተደበደቡት ዓሦች በሚጣሉበት መደርደሪያ አጠገብ መቀመጥ አበዛች። ሐዘንተኛ ስለሆነች የሐዘንተኛ ዓሣ ልብ ገባት የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አይጥመኝም። ሴትየዋ ዓይን አላት፤ አየች። አለቀ።

አንድ ቀን አንድ የሚኒባስ ሾፌር የልጁን ዓሣ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። ለፍልሚያ ሳይሆን ለውበት የሚቀመጥ፣ ክንፉ እንደ ቀሚስ የሚንዘረፈፍ ዓይነት ነው። ጋሽ ቱዋን በረንዳው ላይ፣ ከማትለየው አጭር በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ሾፌሩ አልፎት ገባ።

"እትዬ ፕራኖም፣ ይሄ ነገር ሊሞትብኝ ነው መሰለኝ።"

"የት ነው የምታስቀምጡት?"

"ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነዋ። ልጄ እሱን እያየች ራቷን እንድትበላ።"

"እሱስ ማንን እያየ ይብላ?"

ሾፌሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከረጢቱን ወደ ብርሃን አነሳችው።

"ክንፉን እየው፤ እንደ ረጠበ ጃንጥላ ሰብስቦታል። ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ የሄደውን ጥቁር መስመር አየኸው?"

"እኔማ መልኩ መስሎኝ። ደስም ብሎኝ ነበር።"

"መልኩ አይደለም። ሲፈራ ነው የሚያወጣው። ደስ ያለው ዓሣ እንዲህ አይሰመርበትም። ይበላል?"

"የትንኝ እጭ ሰጥተነው ተፍቶታል።"

"ብርጭቆውን ዳር ዳር እያከከ ላይ ታች ይል ነበር? ኋላ ደግሞ ታች ተኛ?"

"ቤቴ ገብተሽ አይተሻል እንዴ?"

ከመሶቡ ውስጥ ደረቅ የሁክዋንግ ቅጠል አወጣች፤ ያ ሰፊው፣ ሲደርቅ ቀይ የሚሆነው የጥላ ዛፍ ቅጠል ነው። ውሃው ሻይ እስኪመስል ድረስ እንዲዘፈዝፈው ነገረችው። በጣት ጫፍ ቆንጠር ያለች ጨው። ውሃውን በአንድ ጊዜ ሁሉንም እንዳይደፋ፤ ከፊሉን፣ በቀስታ፣ ከቀድሞው ያልቀዘቀዘ። ላዩ ላይ ጨርቅ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ተወው።"

"ተወው ማለት?"

"አትየው። ልጅህም አትየው። የሚያስጨንቀውን አርቀህ ማንም ሳያፈጥበት ጨለማ ውስጥ ይረፍ። ክንፉን ሲዘረጋ ያኔ ታዩታላችሁ።"

ጋሽ ቱዋን ከበርጩማው ላይ ሳይዞር፣ "ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው" አለ። ሾፌሩ ቀልድ መስሎት እንደገና ሳቀ። በሳምንቱ ልጁን ይዞ ሊያመሰግን መጣ፤ ያኔም ሽማግሌውን አልፎት ገባ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ለመደ። ከሳኒት የዓሣ መፋለሚያ ቤት የተቦጫጨቁት ሲወጡ "ፕራኖም ጋ ውሰደው" ይባላል። ዱሮ "ቱዋን ጋ" ነበር የሚባለው። በሩ ላይ ደርሰው "ጋሽ ቱዋን፣ ፕራኖም አለች?" ሲሉት ፊቱን እኔ ከማዶ ሆኜ አይ ነበር። እሷ አታይም፤ አጎንብሳ ዓሣ ታያለች።

ጋሽ ቱዋን ጥቁሩ የሚለው ዓሣ ነበረው። ተሸንፎ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከሳኒት ቤት አሸንፎ ተመለሰና ታች ተኛ፤ ቀለሙ ጠፋ፣ የጉንጩ ክዳን እንደሚያለከልክ ውሻ ይርገበገባል። ሽማግሌው ተስፋ ቆርጦ ወደ ጓዳ መደርደሪያ ላከው። ፕራኖም ጨርቅ ሸፍናበት፣ ቅጠል እየቀየረችለት፣ እሳት ዳር ሳይሆን ከእሳት ፈቀቅ አድርጋ ሙቀት እያሰማችው ከረመች። አንድ ጠዋት ጥቁሩ በውሃው ፊት ላይ የአረፋ ጎጆውን ሠርቶ ተገኘ። ጎጆ የሠራ ወንድ ሚስት ይፈልጋል ማለት ነው።

ያን ዕለት ጋሽ ቱዋን እኔ ዘንድ ኑድል ከሚበሉት ወንዶች መሀል ተቀምጦ ነበር። ፕራኖም ሳህን ልትመልስልኝ መጣች። ሳኒት አፉን ሞልቶ፣ "ጋሽ ቱዋን፣ ይቺ ሴት ባትኖር ጥቁርዎ ዛሬ የድመት ቁርስ ነበር" አለው። ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እንግዲያው የዚህ ዙር የጥቁሩ ልጆች የሷ ይሁኑ። ራሷ ታሳድጋቸው። ሳኒት ቤት ገብተው ከቆሙ እቤቴ ውስጥ እስክትሞት ትኖራለች፤ ማንም ንቅንቅ አያደርጋትም። አንዱ ጀርባውን ካዞረ ግን ከነሱ ጋር ትወጣለች።"

ራምፓይ ከሱቋ ስኳር ልታደርስልኝ መጥታ ቆማ ነበር። "አባባ፣ እውነትህን ነው?"

"ቃሌን በልቼ አውቃለሁ?"

አያውቅም። ክፋቱ እሱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የምሳ ወሬ ነው ብለን እንተወው ነበር። ፕራኖም ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ኋላ ግን ፈገግ አለች። የሰው ቤት የኖረ ሰው የሚያውቀው ፍርሃት አለ፤ በየማለዳው ዛሬ ሂጂ እባላለሁ ብሎ መንቃት። ያ ነገር ሊያበቃ ነው፤ ለዚያውም በምትችለው ሥራ። እኔም ደስ አለኝ። ሞኝነት ነው፤ ግን ደስ አለኝ።

ጥቁሩ ልጆቹን በአፉ እየለቀመ ወደ ጎጆው ሲመልስ፣ እነሱም ከዓይን ሽፋሽፍት ሲወፍሩ፣ ከዚያም ክንፍ ሲያበጁ ፕራኖም አጠገባቸው ነበረች። ወንዶቹ መነካከስ ሲጀምሩ በየጠርሙሳቸው መለየት አለባቸው። መጋረጃ ካርቶን ቆርጦ ጠርሙስ መደርደር ሁልጊዜ የጋሽ ቱዋን ሥራ ነበር፤ ለማንም አይሰጠውም። የሷ በሽተኞች ተራርቀው ስለሚቀመጡ መጋረጃ አያሻቸውም፤ አንድም ቀን ቆርጣ አታውቅም። ዘንድሮ ግን፣ "ያንቺ ናቸው፤ ራስሽ ለያያቸው" አላት።

ዝናቡ ገብቶ ነበር። በዝናብ ወራት የተለመደው ካርቶን ውሃ እየጠጣ ይበሰብሳል፤ ቀለሙም ወደ ጠርሙሱ ይንጠባጠባል። እሷ አሰበችበት። ከራምፓይ ሱቅ የአኩሪ አተር ወተት የተጠጣባቸውን ባዶ ካርቶኖች ለምና አመጣች፤ እነዚያ ውስጣቸው ብርማ የሆነውን። ቀደደቻቸው፣ አጠበቻቸው፣ እኩል እኩል ቆረጠቻቸው። አይበሰብሱም። ብርማውን ፊት ሆን ብላ ወደ ከሰዓት ፀሐይ አዞረችው፤ የጣራ ቆርቆሮ ሙቀት እንደሚመልስ እሱም ይመልሳል ብላ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ጋሽ ቱዋን አጭር በርጩማውን ይዞ መጣ። ጠርሙሶቹ መሬት ላይ በተነጠፈ ጣውላ ላይ ናቸው፤ እሷ ሁልጊዜ ቆማ ወይ አጎንብሳ ከላይ ነው የምታያቸው፤ እሱ ሲቀመጥ ግን ዓይኑ ከጠርሙሱ ወገብ እኩል ይሆናል። ትንባሆውን ጠቅልሎ እስኪጨርስ አያቸው። ከዚያ በርጩማውን አንስቶ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ዓሦቹ ታመሙ። ከመካከላቸው ሰማያዊ የሆነው፣ ከሁሉ ያማረው፣ ጠርሙሱን ዳር ዳሩን እየተከተለ ላይ ታች ማለት ጀመረ። ከዚያ ሌላው። ቀለማቸው ገረጣ፣ ክንፋቸው ተጣበቀ፣ ያ ጥቁር መስመር በየገላቸው ላይ ወጣ። ፕራኖም በአንድ ቀን አወቀችው፤ "ተጨንቀዋል" አለችኝ። ምን እንዳስጨነቃቸው ግን አጣችው። ቅጠል ዘፈዘፈች፣ ጨው አደረገች፣ ጨርቅ ሸፈነች። ጨርቁ ሲሸፈን ይሻላቸዋል፤ ይበላሉ፣ ክንፋቸው ይላቀቃል። ዳነ ብላ ስትገልጠው በማግስቱ እንደነበረው።

ከሩዝ ማሳ የሚታጠበው መርዝ ቦዩን በክሎት ይሆናል ብላ ከእኔ ጋን የዝናብ ውሃ መቅዳት ጀመረች። ድልድዩን በባልዲዬ ስትመላለስ ትከሻዋ ቆሰለ። ጭንቀት አይታ እንዴት እንደምታድን የምታውቅ ሴት፣ በገዛ እጇ ያቆመችውን አስጨናቂ መሀላቸው ትታ ታድናቸዋለች። አንድ ጠዋት ምን ይደረግ ብላ ሽማግሌውን ስትጠይቀው ሰማሁ።

"አባባ፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል? ሲሸፈኑ ይድናሉ፣ ሲገለጡ ይታመማሉ።"

"ሐኪሟ አንቺ ነሽ።"

"እርስዎ ከእኔ ብዙ አይተዋል።"

"እንግዲህ ሰዉ እንደዚያ አይልም" አለና ትንባሆውን ለኮሰ።

የፍልሚያው ቀን ሲቀርብ አልደረሱም ይቆዩ ብላ ለመነችው። ቀኑን ለሳኒት ነግሬያለሁ አላት። በቃ።

የሳኒት ቤት ከሩዝ ወፍጮው ጀርባ ነው። ዓሣዎቹ ቁመታቸው ይለካካል፤ ከዚያ አንድ ሰፊ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ይገባሉ፤ ሊያይ የመጣው ወንድ ሁሉ ዙሪያውን ራሱን ገጥሞ ያፈጣል። ሴት ብዙ አትገባም፤ ያን ቀን ግን የዓሦቹ ባለቤት እሷ ናትና ፕራኖም ገባች፤ እኔም ተከትያት ገባሁ። ራምፓይም መጣች፤ ሱቋን ዘግታ።

ሰማያዊው ሲገባ ልቤ ዘለለ። ክንፉን ዘረጋ፣ የጉንጩን ክዳን ከፈተ፣ እንደ አባቱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ነከሰ። ተነከሰ። ሰዉ "የጥቁሩ ልጅ ነው" ማለት ጀመረ። ፕራኖም ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ እስኪገባ። ቆይቶ እንቅስቃሴው ዘገየ። ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎነጫል፣ ይመለሳል፣ ይጎነጫል። ከዚያ ያ መስመር ገላው ላይ ሲወጣ አየሁት፤ የከሰል ሥዕል ይመስላል። ዞረና ወደ ማሰሮው ጥግ ሄደ። ሌላው ተከተለው። እሱ ሸሸ።

"ዞረ" አለ ሳኒት።

"ደክሞት ነው" አለች ፕራኖም። "ፈርቶ አይደለም። ከመግባቱ በፊት ደክሞት ነበር።"

አንዱ ከኋላ፣ "እኔም ከሚስቴ የምሸሸው ደክሞኝ ነው" አለ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳኒት ራሱ ሳቀ። ጋሽ ቱዋን አልሳቀም። ተነስቶ ቆመ፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ።

"ሰምታችኋል። ነገ ጠዋት ትደፋቸዋለች።"

ስለ እሷ ምንም አላለም። ማለት አላስፈለገውም፤ ራምፓይ ከጓዳ አጠገብ ያለችውን ክፍል ልትለካ ቀድማ ሄዳለች።

በማግስቱ ማለዳ ባልዲዬን ላመጣ ድልድዩን ተሻገርኩ። ፕራኖም ጨርቁን ገልጣ ሰማያዊውን ወደ ቦታው መልሳለች። ጉልበቷ አልቆ ይሁን እንጃ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች፤ ጭቃው ላይ። ዓይኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠርሙሶቹ ወገብ እኩል ሆነ።

"እትዬ ሳምሊ፣ ነይማ።"

አጠገቧ ተንበረከክሁ። የማለዳ ፀሐይዋ በአግድም ገብታ ጠርሙሶቹን አበራቻቸው። በብርማው ላይ አንድ ዓሣ አለ። ሰማያዊው፣ ክንፉ የተቀዳደደው፣ እሱን ሲያይ ክዳኑን ከፈተበት። ያም ከፈተበት። በየጠርሙሱ እንደዚያው ነው፤ እያንዳንዱ ከማይሸሽ፣ ከማይደክም፣ ልክ እሱን ከሚያክል ጠላት ጋር ነው ያደገው። ጨርቅ ሲለብሱ ያርፋሉ፤ ሲገለጡ ይዋጋሉ።

"ሲዋጉ ነው የከረሙት" አለች። "ከተለዩበት ቀን ጀምሮ። እኔ ነኝ ያዋጋኋቸው።"

ካርቶኑን ነቅላ ወደ በረንዳው ሮጠች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር። ጋሽ ቱዋን ሩዙን እየበላ ነው፤ ራምፓይ ትቀዳለታለች። ፕራኖም ካርቶኑን በሁለት እጇ ይዛ ከደረጃው በታች ተንበረከከች።

"አባባ፣ አገኘሁት። ይሄ ነው። መስታወት ሆኖባቸው ነው። ደማቸው ምንም አልሆነ፣ ደክመው ነው እንጂ።"

ካርቶኑን ተቀበላት፣ ገለበጠው፣ መለሰላት።

"አውቃለሁ።"

"ያውቃሉ?"

"የደረደርሻቸው ቀን አይቻለሁ።"

ራምፓይ እንኳ ጭልፋዋን ይዛ ቆመች። ፕራኖም ካርቶኑን ደረጃው ላይ አስቀመጠችው።

"ጠየቅሁዎት እኮ። ለምን አልነገሩኝም?"

"ዝም አይነቅዝም።" አንድ ጉርሻ ጎረሰ፤ እስኪውጥ አስጠበቃት። "ሰዉ ሁሉ ፕራኖም፣ ፕራኖም ይላል። በገዛ በሬ ላይ ቆሞ ፕራኖም አለች ወይ ይለኛል። እስቲ ፕራኖም ምን እንደምታውቅ ልይ አልሁ። አየሁ።"

"እሺ። እኔ አላወቅሁም፤ እሄዳለሁ። እነሱ ግን አላጠፉም።"

"አላጠፉም።"

"እንግዲያው ይተዉልኝ።"

"ትናንት ሰው ያየው ዓሣ ሲዞር ነው እንጂ ካርቶን አይደለም። ቱዋን ዓሣው ዞሮበት ሰበብ ፈጠረ ሊሉኝ ነው? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።"

እኔ አላስቻለኝም። "ጋሽ ቱዋን፣ በዚህ ዕድሜዎ ሥራዬ ይከተለኛል ብለው አይፈሩም? ነገ መነኮሳቱ ፊት በየትኛው እጅዎ ነው ምጽዋት የሚያቀርቡት?"

"በቀኙ። አንቺ ሂጂና ኑድልሽን ቀቅዪ።"

ከጓዳው ጀርባ ኩሬ አላቸው፤ ራሳቸው የእባብ የሚመስል፣ የገባላቸውን ሁሉ የሚውጡ ትልልቅ ዓሦች የሚረቡበት። ቦዩ ውስጥ ልልቀቃቸው ብላ ለመነችው፤ ደንቡ ኩሬ ነው አላት። ሳኒትና ከትናንቶቹ ወንዶች አንዳንዶቹ ለማየት መጥተው አጥሩ ላይ ተደግፈዋል።

ጠርሙሶቹን በጣውላው ላይ እንዳሉ ወደ ኩሬው ለማድረስ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። ሌሊቱን በጨርቅ ስር አርፈው ያደሩ ዓሦች፣ ከተለዩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ተያዩ። ዕድሜዬን እዚህ ቦይ ዳር ኖሬ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ክንፋቸውን ዘረጉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፤ ክዳናቸውን ከፍተው ብርጭቆውን ሊበሱት ደረሱ። ጅራቱ የተቀዳደደው ሰማያዊውም ከመሀላቸው ቆሟል። አንድም የሸሸ የለም።

አጥሩ ላይ ያሉት ወንዶች አንገታቸውን አሰገጉ። ጋሽ ቱዋን ከበርጩማው ተነሳ። ቀረብ ብሎ አጎነበሰ፤ ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ፤ እውነተኛ ደስታ። ይተዋቸዋል ብዬ አሰብኩ። ፕራኖምም እንደዚያ ሳታስብ አልቀረችም፤ የያዘችውን ጠርሙስ ደረቷ ላይ አስጠግታ ታየው ነበር።

"ጥሩ ዓሦች ናቸው" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ደፊያቸው" አላት።

ደፋቻቸው። መጀመሪያ ሰማያዊውን፣ ከዚያ ተራ በተራ። ውሃው በየጊዜው አንድ ጊዜ ብቻ ይናወጥና ይረጋል። አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ለዓሣ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ሳኒት መጨረሻውን ሳያይ ሄደ።

ጨርሳ ስትዞር ጋሽ ቱዋን ወደ በረንዳው እየተመለሰ ነበር። "ከመሄድሽ በፊት ጠርሙሶቹን እጠቢያቸው። ጥቁሩን በዚህ ሳምንት አጋባዋለሁ።"

"አባትየውማ በደንባችን ከእንግዲህ ሚስት አያገኝም" አልሁት።

"እሱ ምን አደረገ?" አለኝ፤ እውነት የማይገባው ነገር የጠየቅሁት ይመስል። አጥሩ ላይ የቀሩት ሰምተውታል። አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም፤ እስከ ዛሬም አልተነፈሰም።

ዕቃዋን በሩዝ ከረጢት አሰረች። ልትወጣ ነው ስል ተመልሳ ጠርሙሶቹን ወደ ቦዩ ተሸከመቻቸው። ውሃው ዳር ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ በጨውና በጭድ ማጠብ ጀመረች። እየፈተገች፣ እያለቀለቀች፣ ወደ ፀሐይ እያነሳች እያየች፣ ያልወደደችውን እንደገና እየፈተገች። የራምፓይ ልጅ አልጋውን ወደ ክፍሏ ሲያስገባ በበሩ ይታያል። እኔ ወደ ድስቴ ተመልሻለሁ፤ ኑድሌ ገነፈለ፤ አላማሰልኩትም።

ከማዶ ሆኜ ጮህኩባት። "አንቺ ሴት፣ ምን ነክቶሽ ነው? በድንጋይ ሰባብሪያቸውና ሂጂ እንጂ። ለዚህ ሽማግሌ ነው እንዲህ የምታጥቢው?"

ራሷን ቀና አላደረገችም። በጥፍሯ ከአንዱ ጠርሙስ ጥግ የቀረ አረንጓዴ ነገር እያነሳች ነበር።

"ለሱ አይደለም" አለች። "ቆሻሻ ጠርሙስ ውስጥ ከገቡ ይጨነቃሉ። የሚገቡት ገና አልተወለዱም፤ ምን ጥፋት አለባቸው?"